ምጣድ ይዘን በሌሊት መርከብ፦ ከናፖሊ ፓሌርሞ

የአክስቴ ልጅ ፓሌርሞ ውስጥ ወለደች። ዜናው ሮም ሲደርስ አክስቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። "አራስ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው?" አሉ። በማግስቱ የገንፎ ዱቄት መንፋት ጀመሩ።

እኔ መጀመሪያ የመጣልኝ አውሮፕላን ነው። ከሮም ፓሌርሞ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሐኪሙ ግን አይሆንም አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሬቲና የሚባለው የዓይን የኋላ ሽፋን ተላቆባቸው ነበር። ሐኪሙ መልሶ አጣበቀውና፣ ደግፎ እንዲይዘው ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ሞላ። ጋዙ ቀስ እያለ በራሱ ይጠፋል። እንደ ዓይነቱ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ መብረር ክልክል ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ሲቀንስ ጋዙ ይለጠጣል፤ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ያሻቅባል፤ ዓይኑ እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚያስጠነቅቅ የፕላስቲክ አምባር እጃቸው ላይ አስረውላቸዋል። እትዬ አምባሩን እንደ ማተብ ነው የያዙት።

ባቡርስ? እሱም አለ። ከሮም ፓሌርሞ በቀጥታ የሚሄድ የሌሊት ባቡር አለ። አንዴ ሄጄበታለሁ። ሲሲሊ ደሴት ስለሆነች ባቡሩ ራሱ ቪላ ሳን ጆቫኒ ላይ ተቆራርጦ መርከብ ውስጥ ይገባል። መሲና ሲደርስ እንደገና ይቀጣጠላል። ነገሩ ማየት ለሚወድ ደስ ይላል። መተኛት ለሚፈልግ ግን ሌሊቱን ሙሉ ብረት ከብረት ሲጋጭ መስማት ነው። እትዬ ደግሞ በቀኝ ጎናቸው ብቻ እንዲተኙ ታዘዋል። ስለዚህ ወደ ናፖሊ ወርደን በሌሊቱ መርከብ ልንሻገር ወሰንን።

ሁለተኛው ምክንያት ጓዛችን ነው። ሦስት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ። የገንፎ ዱቄት። ለአጥሚት የአጃ ዱቄት። በርበሬ፣ ሽሮ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጋቢ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ልጅቷ ፓሌርሞ ከገባች ጀምሮ እንጀራ የምትጋግረው በመጥበሻ ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ያለቀሱት ልቅሶ፣ ዓይናቸው ታሞ ባይሆን ኖሮ ያስቀኝ ነበር። በርካሽ አውሮፕላን ምጣድና ሦስት ኪሎ ቅቤ አስጭኑ እስቲ። መርከቡ ላይ የመዘነን የለም። ቅቤውንም ፈሳሽ ነው ብሎ የቀማን የለም።

የኩባንያውን ስም አልጽፍም። ሙገሳዬም ወቀሳዬም ስለ አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ነው፤ ከአንድ ጉዞ ተነስቼ የማንንም ስም ማንሳት አልፈልግም።

ቲኬቱን በኢንተርኔት ቆረጥኩ። አራት ዓይነት ምርጫ አለ። መስኮት ያለው ካቢን፣ መስኮት የሌለው ውስጠኛ ካቢን፣ ፖልትሮና የሚሉት ተለጣጭ ወንበር፣ እና ፓሳጆ ፖንቴ። የመጨረሻው አልጋም ወንበርም የሌለው ነው፤ ያገኛችሁት ቦታ ትቀመጣላችሁ። ለሁለታችን ውስጠኛ ካቢን 148 ዩሮ ከፈልኩ። ለኔ መልስ ብቻዬን ስለሆንኩ ፖልትሮና በ52 ዩሮ ያዝኩ። ይህች ቁጠባዬ ምን እንዳስከተለች ኋላ ትሰማላችሁ። ዋጋው እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ኦገስት ላይ ጣሊያን በሙሉ ወደ ባሕር ስለሚሮጥ፣ በዚያን ጊዜ በዚህ ዋጋ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

አንድ የኛ ሰው ጣጣ ልንገራችሁ። ኮኞሜ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዳንዱ ሶጆርኖው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ የአባቱ ስም ኮኞሜ፣ ማለትም የቤተሰብ ስም፣ ሆኗል፤ አንዳንዱ የአያቱ። የእትዬ ሶጆርኖ ላይ ደግሞ አባታቸውና አያታቸው ተጋጥመው አንድ ረጅም ቃል ሆነዋል። ትክክለኛውን ስም ለመጻፍ አትሞክሩ። መታወቂያው ላይ ያለውን ስሕተት ፊደል በፊደል ገልብጡ። የሀገር ውስጥ ጉዞ ስለሆነ ፓስፖርት ላይ ማኅተም የሚመታ የለም፤ መርከቡ በር ላይ ግን ቲኬትና መታወቂያ ያመሳክራሉ። ከኛ ፊት የነበረ አንድ ልጅ በአንዲት ፊደል ምክንያት ወደ ቢሮ ተመልሷል።

ሰዓት የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው። ቲኬቱ 20:00 ይላል፤ ምሽት 2 ሰዓት ማለት ነው። እትዬ ጣሊያን 30 ዓመት ኖረው የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ፈረንጅ አዙረው አያውቁም። "እኔ ሰዓቱን ለምን ልቀይር፣ እነሱ ይቀይሩ" ይላሉ።

አርብ ቀን ከሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ተነሳን። ፈጣኑ ባቡር ናፖሊ የሚደርሰው ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ነው። እኛ ርካሹን ይዘን ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጀብን። ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ፣ ያ ሁላችንም የምንቀጣጠርበት፣ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ 1887 ላይ ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ድባቅ የመታቸው ወታደሮች ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ሰዓቱ በኛ፣ ዓመቱ በነሱ ይሁን።) ምጣድ ተሸክሜ ባቋረጥኩት ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ምጣድ ተሸክሜ ያቋረጥኩት በርግጥ አንዴ ብቻ ነው።

ናፖሊ ጣቢያ ስትወርዱ ታክሲ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት "ታሪፋ ፕሬዴቴርሚናታ" በሉ። ከጣቢያ ወደብ ድረስ ቁርጥ ዋጋ አለ፤ ግን ገና ሳትነሱ ካልጠየቃችሁ ቆጣሪው ይሠራል። ሾፌሩ በልማድ ወደ ሞሎ ቤቬሬሎ ሊወስደን ነበር። እዚያ ያሉት ወደ ካፕሪና ኢስኪያ የሚሄዱ ፈጣን ጀልባዎች ናቸው። የኛ ትልቁ መርከብ በፖርታ ዲ ማሳ በኩል ነው። በእግር ለሚሄድ ሩቅ አይመስልም፤ ምጣድ ለተሸከመ ሩቅ ነው። ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈውን በር ለሾፌሩ አሳዩት።

ወደቡ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጥላ ያለው ወንበር ጥቂት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ስለራሱ ቢናገር ይሻላል፣ እኔ አልናገርም። ከፊታችን ከባድ መኪናዎች አንድ በአንድ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባሉ። እትዬ በጤነኛ ዓይናቸው እየቆጠሩ ነበር። አርባ ሲደርሱ ተዉት። ያኔ ነው የሚያቆያቸው ወሬ ፈልጌ የአሰብን ነገር ያነሳሁት። 1869 ላይ የአሰብን ዳርቻ ከአካባቢው ሱልጣኖች የገዛው መንግሥት አይደለም፤ ሩባቲኖ የሚባል የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ ነው። 1881 ላይ ያ ኩባንያ ከፓሌርሞዎቹ ፍሎሪዮዎች ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። በዓመቱ የጣሊያን መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ተረከበ። እትዬ አሰብ አሉና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው "እንግዲህ በቲኬት ገንዘብ ነዋ የገዟት። ስንት ከፈልሽ አልሽኝ ለኛ?" ብለው ጠየቁኝ።

አሁን ወደ ወቀሳ። በእግር የሚሳፈር ሰው የሚገባው በመኪናው መግቢያ ነው። ያን ሰፊ የብረት ተዳፋት ትወጣላችሁ፣ ከጎናችሁ መኪና ያጓራል፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው "በዚህ! በዚህ!" ይላል። ከዚያ ደረጃ። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ቆሟል። ለምን እንደቆመ የጠየቅኩት ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። አንድ ዓይናቸው የማያይ የ68 ዓመት ሴት ይዤ፣ በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በአንድ እጄ ምጣድ። የጥበቃ ሠራተኛው ምጣዱን ሲያይ አስቆመኝ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለ። የእንጀራ መጋገሪያ ነው አልኩት። ጋቢውን ገልጦ አየ። "ትልቅ ፒዛ?" አለ። እትዬ "ፒዛ ይላል እንዴ!" ብለው በአማርኛ ተቆጡ። ሳቀና ምጣዱን ከእጄ ተቀብሎ እስከ አምስተኛው ፎቅ ድረስ ተሸክሞልኝ ወጣ። ለዚህ ሰው አምስት ኮከብ።

ጥፋቱ ግማሹ የኔ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። በአውሮፓ ኅብረት የባሕር መንገደኞች ደንብ መሠረት፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ካሳወቀ ኩባንያው በነፃ የመርዳት ግዴታ አለበት። ተሽከርካሪ ወንበር ይመጣል፣ በአሳንሰር ትወጣላችሁ። እኔ አላሳወቅኩም። እናንተ አሳውቁ።

ደንቡን ካነሳሁ አይቀር፣ መርከቡ 50 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የተነሳው። የመኪናው ጭነት አላልቅ ብሎ። በዚህ ካሣ የለም። እንደዚህ ከ8 እስከ 24 ሰዓት በሚፈጅ ጉዞ መድረሻው ላይ ሦስት ሰዓት ሲያዘገያችሁ ነው የቲኬቱ ዋጋ 25 በመቶ የሚመለሰው። መነሻው ላይ ከ90 ደቂቃ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ ደግሞ የሚበላ የሚጠጣ መስጠት አለባቸው፤ ወይ ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ። አጠገቤ የነበሩ የፓሌርሞ ሰዎች 50 ደቂቃን ማዘግየት ብለው እንኳ አልቆጠሩትም።

ካቢኑ ጠባብ ነው፤ ግን ንጹሕ። ታች ሁለት አልጋ፣ ላይ ግድግዳው ላይ የታጠፉ ሁለት። ነጭ አንሶላ፣ ቀጭን ትራስ፣ ሁለት ፎጣ። የራሱ ሻወርና መጸዳጃ አለው። ውሃው ይፈላል፣ ያውም በደንብ። ሮም ያለሁበት ቤት ማሞቂያው አንድ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ ይህችን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። መጥፎው የአየር ማቀዝቀዣው ነው። መዘውሩን ወደ ቀኝ ባዞረው ወደ ግራ ያው ነው፣ በረዶ። እትዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቀዳዳው ላይ ወተፉበትና ተገላገልን። ምጣዱን በሁለቱ አልጋ መሐል አቆምነው። ሦስተኛ ተሳፋሪ መስሎ አደረ።

ካቢን ስትመርጡ ከመርከቡ መሐል አካባቢ የሆነውን ጠይቁ። ማዕበል ሲኖር ጫፍና ጫፉ ነው ይበልጥ ከፍ ዝቅ የሚለው። የኛ ወደ ኋላ ነበር፣ ከሞተሩ ብዙም አይርቅም። ባሕሩ የተኛ ስለነበር አልተናጥንም፤ ግን ግድግዳው ሌሊቱን ሙሉ እየተንዘረዘረ አደረ። "ወፍጮ ቤት አጠገብ እንደመተኛት ነው" አሉ እትዬ። ጎንደር ልጅ እያሉ የወፍጮ ቤት ጎረቤት ነበሩ። እሳቸው ለሽ አሉ። እኔ ነኝ ያልለመደብኝ።

ከመተኛታችን በፊት ግን ላይኛው ፎቅ ወጣን። ይህን አታስቀሩ። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና አልጨለመም። ናፖሊ ከኋላችን ኮረብታው ላይ እንደ ተደረደረ ሻማ ትበራለች። በግራ ቬሱቪዮ። መጨረሻ የፈነዳው 1944 ነው፤ እግሩ ሥር ግን እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ ቤት በቤት ነው። ከዚህ ወደብ ነው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ እነዚያ ሁሉ የደቡብ ጣሊያን ድሆች ወደ አሜሪካ የፈለሱት። የሚሸኙ ሰዎች ዛሬም አሉ። አንዲት እናት ከታች ሆና ለልጇ እጇን ታወዛውዛለች። ልጇ ሠላሳ ዓመት የሚሞላው ጢማም ነው፤ ሰው እንዳያይበት ሰረቅ እያደረገ ያወዛውዝላታል።

እትዬ የመርከቡን የብረት መደገፊያ ተደግፈው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ሁለት ባሕር ነው የማየው" አሉ። አልገባኝም። አስረዱኝ። ጋዙ ግማሽ ያህሉ ስለጠፋ፣ በታመመው ዓይናቸው የአረፋው ጠርዝ እንደ መስመር ይታያቸዋል። ግማሽ የተሞላ ብርጭቆ ብትነቀንቁ ውሃው እንደሚዋልለው ነው፤ ራሳቸውን ዘንበል ሲያደርጉ መስመሩም አብሮ ይዋልላል። መርከቡ ሲወዛወዝ ያችም ትወዛወዛለች። "አንዱ ባሕር ውጭ፣ አንዱ ዓይኔ ውስጥ" አሉ። ሐኪም ቤት ስንት ጊዜ አብሬያቸው ስሄድ ይህን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ምን ይታይዎታል ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

"ጳውሎስ በዚህ ባሕር ነው የሄደው" አሉ ቀጥለው። እውነታቸውን ነው። ማልታ ላይ መርከቡ ተሰብሮ ክረምቱን ካሳለፈ በኋላ፣ በሲሲሊዋ ሰራኩስ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው ወደ ፑቲዮሉስ የተሻገረው። ፑቲዮሉስ ዛሬ ፖትሱኦሊ የምትባለው ናት፣ ከናፖሊ ጎን። እኛ የሱን መንገድ ወደ ኋላ እየሄድን ነው ማለት ነው። "ዮናስም መርከብ ላይ ነው የተኛ" አልኳቸው ለማሳቅ። "የዮናስን ስም እዚህ አታንሺ!" ብለው ክንዴን መቱኝ።

ስለ ምግቡ። አርብ ስለነበር ጾም ነው። ሰልፍ ሰርቪሱ (ምግብ ራሳችሁ የምታነሱበት ቤት) ውስጥ የጾም የሚሆን ቀይ የቲማቲም ሥጎ ያለው ፓስታና ሰላጣ ብቻ አገኘሁ። ፓስታው በጣም በስሎ ሟሙቷል። ናፖሊ ወደብ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ፓስታ መሸጥ ድፍረት ነው። ከውሃ ጋር 14 ዩሮ። የከባድ መኪና ሾፌሮቹን አየሁ፤ ከቦርሳቸው ዳቦና አይብ እያወጡ ነው የሚበሉት። በየሳምንቱ የሚመላለሰው ሰው የማይበላውን ነገር እኔ በላሁ። ቡናው ግን ጥሩ ነው፤ ዋጋውም መሬት ላይ ካለው ብዙ አይለይም። እትዬ እዚያ አልገቡም። ካቢን ውስጥ ሽሯቸውን በፔርሙዝ፣ እንጀራቸውን በላስቲክ፣ ጎመናቸውን በዕቃ አውጥተው ቀረቡ። "እኔን ሰምተሽ ቢሆን ኖሮ" አሉ። አጎረሱኝ። ኮሪደሩ በሙሉ ሽሮ ሽሮ ሲል አንድ ሰው በር ላይ ቆም ብሎ አለፈ፤ የሰማሁት እግሩን ነው።

ስልክ! ከወደብ ራቅ ስትሉ ስልካችሁ የመሬቱን ኔትወርክ ትቶ የመርከቡን ይይዛል። ያ በሳተላይት ነው። አውሮፓ ውስጥ የለመድነው ነፃ ሮሚንግ እዚያ አይሠራም፣ ሒሳብ ይቆርጣል። መርከብ ላይ ሆናችሁ የአውሮፕላኑን ምልክት ተጫኑ። እትዬ ይህን ስነግራቸው "አውሮፕላን ክልክል ነው ተብዬ የለም እንዴ" አሉ።

ርቀቱ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አሥር ሰዓት ገደማ። ሒሳቡን ስሠራው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባ ታክሲ በደህና ቀን የሚሄደው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ከሞተሩ ንዝረት በቀር ምንም የለም። "እትዬ፣ ተኝተዋል?" አልኩ። "ተኝቻለሁ" አሉ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጣራው ጮኸ። ድምፅ ማጉያው ካቢኑ ውስጥ ነው፤ መቀነሻ የለውም። ደህና አደራችሁ፣ ቡና ቤቱ ተከፍቷል፣ ካቢናችሁን ልቀቁ። በጣሊያንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሌላም። ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀረናል እኮ! ሰውን ቀስ ብሎ መቀስቀስ ይቻላል። ኮሪደር ላይ አንሶላ የሚሰበስቡ ሠራተኞች በር እያንኳኩ መጡ። ካቢን ከፍሎ ይህችን የመጨረሻ እንቅልፍ መነጠቅ ያበሳጫል። አትሟገቱ፣ አትሰሙም። ተነስታችሁ ላይ ውጡ።

ምክንያቱም ፓሌርሞ ጠዋት ከባሕር የምትታይ ከተማ ናት። ግሪኮች ፓኖርሞስ አሏት፣ ሁለመናዋ ወደብ እንደማለት። ከተማዋን ግን ከነሱ በፊት ፊኒቃውያን ናቸው የቆረቆሯት። በቀኝ በኩል ሞንቴ ፔሌግሪኖ ብቻውን ቆሟል፣ ከውሃው ቀጥ ብሎ 600 ሜትር ያህል። ፀሐይ መጀመሪያ እሱን ነካች፣ ቀይ አደረገችው፣ ከዚያ ጉልላቶቹን። እትዬ የጎንደርን ተራራ አስታወሱ። እኔ የማየው ተራራ ከጎንደሩ ጋር አይመሳሰልም፤ አልተከራከርኩም። 12 ሰዓት ከ45 ላይ ገመዱ ታሰረ።

የዚህ መስመር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከፓሌርሞ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ወይ ባቡር ትፈልጋላችሁ። መርከቡ ግን ከተማው መሐል ነው የሚጥላችሁ። ከወደቡ በር ወጥታችሁ ቪያ ኤሜሪኮ አማሪን ሽቅብ ብትይዙ፣ ሩብ ሰዓት ሳትሄዱ ፖሊቴያማ አደባባይ ናችሁ። የልጅቷ ባል መኪና ይዞ ጠበቀን። ምጣዱን አንስቶ ግንባሩ ላይ ሳመው። ልጅቷን ሳይሆን ምጣዱን ሊያገባ የመጣ ይመስል ነበር።

ስለ ፓሌርሞ ብዙ አልጽፍም፤ ሳምንቱን ያሳለፍኩት ገንፎ ሳገነፋ ነው። አንድ ቀን ብቻ ወጥቼ የንጉሥ ሩጀሮ ሁለተኛን የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት አየሁ። ሞዛይኩ የግሪክ፣ ጣራው የዓረብ፣ ንጉሡ ኖርማን። ውጭ ግድግዳው ላይ በ1142 ስለተሠራ የንጉሡ ሰዓት የተጻፈ ድንጋይ አለ፤ በላቲን፣ በግሪክና በዓረብኛ። እትዬ በስልክ ሳሳያቸው "በግዕዝ የለም?" አሉ። ከከተማው ደጋፊ ቅዱሳን አንዱም ጥቁር ነው፣ ቤኔዴቶ የሚባል። ከአፍሪካ በባርነት ከመጡ ወላጆች ተወልዶ፣ ፓሌርሞ ገዳም ውስጥ ወጥ ቤት ሠርቶ፣ 1589 ላይ ሞተ። 1807 ላይ ቅዱስ ተባለ። ወጥ ቤት መሥራቱን ስሰማ ወደድኩት።

መልሱ። ቅዳሜ ማታ፣ ብቻዬን፣ በፖልትሮና። አጭር ላድርገው፤ አትያዙ። ወንበሩ ይለጠጣል ግን እግር አያሳርፍም። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ሥዕሉ ይበርቃል። ብርዱ ከካቢኑም የባሰ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ገና ሲገቡ ወንበሩን ትተው ምንጣፉ ላይ ፍራሽ ነፍተው ተኙ። ጋቢው ፓሌርሞ ቀርቷል፤ ሕፃኗ ተጠቅልላበታለች። አንዲት የፓሌርሞ አሮጊት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምታ ይሁን አይታ፣ ካፖርቷን እግሬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኬን ከፍቼ ካቢን ብይዝ ስንት ይጨምርብኝ እንደነበር አሰላሁ። ብዙ አልነበረም።

ናፖሊ ስደርስ ገና ጠዋት 1 ሰዓት አልሞላም። ለብዙ ዓመት ላየው የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ፉኦሪግሮታ በሚባል ሰፈር፣ ሞስትራ ዶልትሬማሬ ግቢ ውስጥ፣ የፋሲለደስ መዋኛ ቅጂ አለ። ፋሺስቶች ቅኝ ግዛታቸውን ለማሳየት 1940 ላይ በከፈቱት ኤግዚቢሽን ውስጥ ነው የሠሩት። በወሩ ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ ገባችና ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ። የጎንደር ልጅ ሆኜ፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር እናቴ ይዛኝ የምትሄድበትን ቦታ እዚህ ይቅዱት አይቅዱት ማየት አለብኝ ብዬ፣ በሁለተኛው መስመር ሜትሮ እስከ ካምፒ ፍሌግሬይ ሄድኩ። እሑድ፣ ማለዳ፣ በሩ ተዘግቷል። በአጥሩ ላይ የሚታየው የዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ የቀረችኝን ዳቦ ቆሎ በላሁና ወደ ጣቢያ ተመለስኩ።

ከአንድ ወር በኋላ እትዬ ደወሉ። ፓሌርሞ ያለ ሐኪም አይቷቸው ጋዙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብሏቸዋል። አምባሩን ቆርጠውላቸዋል።

"እንግዲህ መብረር ይችላሉ ማለት ነው" አልኳቸው። "አውሮፕላን ልቁረጥልዎት?"

"መርከብ" አሉ። "መስኮት ያለውን ካቢን። ባለፈው በግድግዳ ነው ያሳደርሽኝ።"

መስኮት ያለው 34 ዩሮ ይጨምራል። ከመሐል አካባቢ ያዝኩላቸው፣ እርዳታም በሦስት ቀን ቀደም ብዬ አስመዘገብኩ። ፓስታው ላይ አደራ ስላቸው "ያንቺን ስሕተት የምደግም መሰለሽ?" ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።